ዋጋ ከሩቅ የሚመጣበት አገር

የጌጫ ቡናና ማር ዋጋ ጌጫ ላይ ተቆርጦ አያውቅም። በአያቴ ዘመን ዋጋ የሚመጣው ከጎሬ ነበር፤ በአባቴ ዘመን ከጂማና ከአዲስ አበባ። እኔ ለሥራ ስደርስ ደግሞ "ኒውዮርክ ወርዷል" የሚሉ ነጋዴዎች ተነሡ። ዛሬ የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ በየደቂቃው ሲወጣና ሲወርድ ይታያል። እኔ ቡና አቅራቢ ነኝ፣ ማርም እይዛለሁ። ይህን እንድጽፍ ያስነሳኝ ወጣቶቻችን በየሳምንቱ "እድል መጣ" እያሉ ስልካቸውን ፊቴ ላይ መደቀናቸው ነው። እድል ለዚህ አገር ብርቅ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ በደጃችን ሲመላለስ ኖሯል፤ መጠየቅ ያለበት በየጊዜው ማን ተጠቀመበት፣ ማንስ ከሰረበት የሚለው ነው።

ጌጫን ለማያውቅ ሰው፦ ከቴፒ ወደ ማሻ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የሸካ ዞን አንድራቻ ወረዳ ከተማ ናት። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነን። ከተማዋ ራሷ ብርድ ናት፤ ዝናቡ አይጠገብም፣ ጓሮው እንሰት ነው። ቡናው ቁልቁል ወረድ ሲሉ ይጀምራል። ጫካው ደግሞ ኮረሪማውንም፣ ጥምዙንም፣ ማሩንም ይዟል። በ2004 ዓ.ም. ዩኔስኮ የሸካን ደን በዓለም አቀፍ የባዮስፌር መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ለእንግዳ ዓይን ጫካው ጌታ የሌለው ይመስላል። ነገር ግን ኮቦ የሚባል የይዞታ ሥርዓት አለ፤ ከዚህ ወንዝ እስከዚያ ዛፍ የእነ እገሌ ነው፣ ቀፎ የሚሰቅሉበት እነሱ ናቸው፣ ሌላው ዝር አይልም። ኮቦን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ላይ የአውሮፓ ሕግ ይዞት ይመጣል።

ሸካ በ1890 ዓ.ም. ገደማ በምኒልክ ጦር ከተያዘች በኋላ የንግዱ ፊት ወደ ጎሬ ዞረ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር ለእንግሊዞች የንግድ ጣቢያ ተፈቀደላቸው፤ ጋምቤላ እንዲህ ተቆረቆረች። ከካርቱም የተነሳ የእንፋሎት መርከብ በነጭ አባይ፣ ከዚያ በሶባት፣ ከዚያ በባሮ ሽቅብ እየቀዘፈ ጋምቤላ ይደርሳል። ጨውና አቡጀዲ ያራግፋል፤ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭኖ ይመለሳል። ከጅቡቲ ባቡር ቀጥሎ የኢትዮጵያ ቡና የሚወጣበት ትልቁ በር እሱ ሆነ። ጎሬ ላይ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ።

ለሸካ ገበሬ ይህ ትልቅ እድል ይመስል ነበር። ነገር ግን አንድ ጉድ ነበረበት። መርከቡ የሚመጣው ባሮ ሲሞላ ብቻ ነው፤ በክረምት። ቡናችን የሚለቀመው ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በበጋ ነው። በክረምት በቅሎ ጭኖ ከጌጫ ጎሬ መድረስ የማይታሰብ ነው፤ ጭቃው እስከ ሆድ ይውጣታል። ስለዚህ ቡናው በበጋ ጎሬ መውረድ አለበት፤ ከዚያም በቡሬ አድርጎ ጋምቤላ ገብቶ መርከብ እስኪመጣ ወራት መቀመጥ አለበት። ለወራት ሊያስቀምጥ የሚችለው ማን ነው? ገንዘብ ያለው። አያቴ የሚሸጠው በጥር ነው፤ ልጅ ሊድር፣ ግብር ሊከፍል። መርከቡ ሲመጣ ቡናው የሱ አይደለም። ዋጋው የት እንደደረሰም አይሰማም። አባቴ ሲያጫውተኝ፣ አያቴ ጭነት ይዞ አራት አምስት ቀን ተጉዞ ጎሬ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ቡናውን ማራገፍ አልነበረም። ጠላ ቤት ገብቶ ከጋምቤላ የመጡ የበቅሎ ነጂዎችን ማጫወት ነበር። ስንት ጭነት ወርዷል? ጋምቤላ መጋዘኑ ሞልቷል ወይስ ጎድሏል? ነጂ አይዋሽም፣ የሚሸጠው ነገር የለውማ። ነጋዴ ግን ይዋሻል። ጎሬ ገብቶ በዚያው ቀን የሸጠና ከጠላ ቤት በኋላ የሸጠ ሰው እኩል ጠገራ ብር ይዞ አይመለስም።

 

ሱዳን ነጻ ስትወጣ የጋምቤላ ጣቢያ ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመኪና መንገዱም ከጂማ በኩል እየቀረበ መጣ። ዋጋው መንገዱን ቀየረ። በ1950 ዓ.ም. የቡና ቦርድ ተቋቋመ። አባቴ ሥራውን የጀመረው ያኔ ነው። በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ፣ ጀንፈል ይገዛል፤ በጭነት መኪና ለጂማ ነጋዴ ይሰጣል። ዋጋ የሚሰማው ከሹፌር ነው። ሹፌሩ በመንገድ የበቅሎ ነጂው ልጅ ነው ማለት ይቻላል። የደርግ ጊዜ ላይ ብዙ አልቆይም። ዋጋ ተተምኖ ይመጣል፤ የቡና ገበያ ድርጅት ይገዛል፤ በየመንገዱ ኬላ አለ። ቡና በሌሊት በጫካ የሚያሳልፉ ሰዎች ነበሩ። እነሱም ነጋዴ ይባሉ ነበር፣ ወንጀለኛም ይባሉ ነበር፤ እንደሚጠራቸው ሰው።

ከዚያ ዓለም መጣችብን። በሰኔ 1981 ዓ.ም. አምራችና ገዢ አገሮች ቡናን በኮታ የሚከፋፈሉበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ፈረሰ። ጌጫ ላይ ኮታ የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ መፍረሱን ግን በሚዛናችን አወቅነው። ከሁሉ የከፋው 1994 ነው። የዓለም ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ያን ዓመት አንዳንድ ሰው ቡናውን ሳይለቅም ተወው፤ የለቃሚው ዋጋ ከቡናው በለጠ። ፍሬው ዛፍ ላይ ጠቁሮ ደርቆ ረገፈ። ቀይ ፍሬ መሬት ላይ ሲበሰብስ ሽታው ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ስለ ቡና ገበያ ባይናገር ይሻለዋል።

በዚያው ዘመን፣ በዓለም ሌላኛው ጫፍ፣ አንድ ነገር ተደረገ። ይህን ታሪክ ለእህቴ ልጅ ደጋግሜ ስለምነግረው ሰልችቶታል፤ እናንተ ግን ታገሡኝ።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ማጂ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረ ሪቻርድ ዌሊ የሚባል ሰው ከእኛ በስተደቡብ ካለው የጌሻ ጫካ የቡና ዘር ሰበሰበ። ዘሩ ኬንያ ሄደ፤ ከኬንያ ታንዛንያ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ ኮስታሪካ ባለው ካቲዬ የተባለ የምርምር ማዕከል ቲ2722 የሚል ቁጥር ተሰጥቶት ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፓናማ ገባ። የፈለጉት ለጣዕሙ አልነበረም፤ የቡና ቅጠል ዝገትን ይቋቋማል ብለው ነው። ዛፉ ይረዝማል፣ ቅርንጫፉ ቀጭን ነው፣ ምርቱ ትንሽ ነው፤ ገበሬው አልወደደውም። አርባ ዓመት ያህል ከሌላው ቡና ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ኬሻ ሲሸጥ ኖረ።

ፓናማ ላይ የፒተርሰን ቤተሰብ ኤስሜራልዳ የሚባል እርሻ ነበራቸው። ልጃቸው ዳንኤል የእርሻውን ቡና በየቦታው ለይቶ መቅመስ ጀመረ፤ ይህ ከላይኛው ማሳ፣ ይህ ከታችኛው እያለ። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ያሉት ዛፎች ሌላ ነገር ሆነው ተገኙ፤ አበባና ሎሚ የሚሸት ቡና። እ.ኤ.አ. በ2004 ለፓናማ ውድድር አቀረቡት፣ አሸነፉ። ቡናው በኢንተርኔት ጨረታ ወጣ፤ በፓውንድ 21 ዶላር ተሸጠ። ያኔ ተራ ቡና አንድ ዶላር አይሞላም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የፓናማ ጌሻ በፓውንድ 1,029 ዶላር ደረሰ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዚያው ከኤስሜራልዳ እርሻ 20 ኪሎ ቡና አንድ የዱባይ ገዢ በኪሎ 30,204 ዶላር ወሰደው። ዘሩ የተለቀመው ከእኛ አፍንጫ ሥር ካለ ጫካ ነው።

ይህን ሲሰሙ ሰዎች ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው ወገን "ሰረቁን" ይላል። ስለዚያ የሚከራከር ሌላ ሰው ይከራከር። ሁለተኛው ወገን "ኢንተርኔት ነው ያበለጸጋቸው፣ እኛም ኢንተርኔት ላይ እንውጣ" ይላል። እዚህ ላይ ነው እኔ የማልስማማው። ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ዳንኤል ፒተርሰን ምን አደረገ? ለየ። የላይኛውን ከታችኛው ለይቶ በተለያየ ኬሻ አስቀመጠ፣ ለየብቻ ቀመሰ። ያን ባያደርግ ኢንተርኔቱ የሚያሳየው የተደባለቀ ቡና ነበር፤ የተደባለቀ ቡና ደግሞ በኢንተርኔትም በበቅሎም ቢሄድ ዋጋው አንድ ነው። እዚህ አገር ያለው ልማድ የተገላቢጦሽ ነው። ከአምስት ቀበሌ የመጣ ጀንፈል አንድ ሲሚንቶ ላይ ይሰጣል። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያው ነበር የማደርገው፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ አቅራቢ የሚከፈለው በክብደት እንጂ በቦታ አይደለም።

በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ሲጀምርና በቀጣዩ ዓመት ቡና ሲገባበት ወሬው የመሥራቿ የዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ስም ነበር። ለእኛ ትልቁ ነገር 929 ነው። በስልክ 929 ትደውላለህ፣ የዕለቱ ዋጋ በድምፅ ይነገርሃል። አያቴ ጠላ ቤት ገብቶ የሚለምነው ወሬ፣ አባቴ ለሹፌር ሻይ እየጋበዘ የሚሰማው ወሬ፣ ጫካ ውስጥ ለቆመ ገበሬ በነጻ ደረሰ። ያን ጊዜ ገበሬ ሚዛኔ አጠገብ ቆሞ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ "ቆይ፣ ሰዓት አልደረሰም" ሲለኝ አልረሳውም። ተናድጃለሁ። ደስም ብሎኛል። ምርት ገበያው ላይ አንድራቻ በራሱ ስም ከተዘረዘሩት የቡና አካባቢዎች አንዱ ነበር፤ ያም የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ቡናው መጋዘን ሲገባ በደረጃው ከሌላው ጋር ይቆለላል፤ ከየትኛው ገበሬ እንደመጣ ይጠፋል። አሜሪካና ጃፓን ያሉ ጥሩ ቡና ፈላጊዎች በዚህ ክፉኛ አጉረመረሙ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 በሩን ገርበብ አደረገው፤ ሁለት ሄክታርና ከዚያ በላይ ቡና ያለው ገበሬ ራሱ ወደ ውጭ መላክ ይችላል፣ አቅራቢና ላኪም በቀጥታ ይገናኛሉ።

ስለዚህ ዛሬ ዜናው የሁሉ ነው። በ2017 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር ሲያልፍ ጌጫ ላይ ያላወቀ ገበሬ አልነበረም። ዋጋ ማወቅ ብቻውን የሚያበላበት ዘመን አለፈ ማለት ነው፤ ለእኔ ዓይነቱ ነጋዴ መርዶ ነው። አሁን የሚያበላው ሌላ ነገር ሆነ፤ የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደሆነ፣ እንዴት እንደደረቀ ማስረዳት መቻል።

ወጣቶቹ ግን ስልክ ላይ የሚያገኙት ይህን አይደለም። የእህቴ ልጅ ያሳየኝ የመጨረሻው መልእክት ይህ ነው፦ በቴሌግራም፣ ሱፍ የለበሰ ሰው ከመኪና አጠገብ ቆሟል። "ቤትህ ቁጭ ብለህ በሳምንት 15 ሺህ ብር። ምዝገባ ተጀምሯል። ቦታው ሊሞላ ነው።" አምስት ሰው ካስመዘገብክ ኮሚሽን አለህ፤ እነሱም አምስት አምስት ካስመዘገቡ ሌላ ኮሚሽን አለህ። ልጁ ሒሳብ ያውቃል፣ ሒሳብ ሊያስተምረኝም ይሞክራል። እሺ፣ እንቁጠር አልኩት። አምስት፣ ሃያ አምስት፣ መቶ ሃያ አምስት። ስድስተኛው ዙር 15,625 ሰው ይፈልጋል። ሰባተኛው 78,125። በጀርባ የሚታዘሉትን ሕፃናት ብንቆጥር እንኳ የአንድራቻ ወረዳ አይበቃም።

"ጋሼ፣ አንተ ሁሉን ነገር እንደ ቡና ነው የምታየው" አለኝ።

አዎ። ቡና ላይ አባቴ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር፤ ጠጪው ማን ነው? ከለቃሚው እስከ ሰብሳቢው፣ ከሰብሳቢው እስከ አቅራቢው፣ ከአቅራቢው እስከ ላኪው፣ ከላኪው እስከ ቆዪው ሁሉም የሚበላው መጨረሻ ላይ ሲኒ አንሥቶ ከኪሱ ገንዘብ የሚያወጣ አንድ ሰው ስላለ ነው። የዚህ የቴሌግራም ነገር ጠጪው ማን ነው? የሚሸጠው ዕቃ ቢኖር እንኳ፣ ምዝገባ ሳይፈልግ ዕቃውን ብቻ ፈልጎ የሚገዛ ሰው አለ? ከሌለ፣ የሚከፈልህ ካንተ በኋላ በገባው ሰው ገንዘብ ነው። አገራችን ይህን በሕግ ከልክላለች፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ የሽያጭ ስልትን ይከለክላል። ልጁ አዋጁን ሲያይ ዝም አለ፤ ሒሳቡ ግን ከአዋጁ የበለጠ የገባው ይመስለኛል።

ሁለተኛው ዓይነት ከዚህ የረቀቀ ነው። "የውጭ ገዢ ነኝ" የሚል ሰው ይጽፋል። አንድ ኮንቴይነር ቡና ይፈልጋል፤ ዋጋው ከገበያው ይበልጣል፤ እንግሊዝኛው ያማረ ነው። ከሳምንት በኋላ ለናሙና ማስለቀቂያ፣ ለፈቃድ ማስመዝገቢያ ብሎ ገንዘብ ይጠይቃል። ገዢ ነኝ ብሎ ከሻጭ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ገዢ አይደለም፤ ይህን ለማወቅ ኢንተርኔት አያስፈልግም። እውነተኛ ገዢ የሚጠይቀው አሰልቺ ነገር ነው። እርጥበቱ ስንት ነው? ከ10 እስከ 12 በመቶ ካልሆነ አይቀበልም። ናሙናው 350 ግራም ነው፣ መቼ ተወሰደ? ላኪው ፈቃድ አለው? ውሉ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን ይመዘገባል ወይ? ክፍያው በኤልሲ፣ ማለትም በባንክ በሚከፈት የክፍያ ዋስትና፣ ነው ወይስ በሌላ? ከመጀመሪያው መልእክት ስለ ገንዘብ የሚያወራና ስለ እርጥበት የማይጠይቅ ገዢ ካያችሁ ስልኩን ዝጉ።

ሦስተኛው ፈተና ደግሞ ከራሳችን ይመነጫል። የከተማችን ስም ከጌሻ ጋር ይቀራረባልና ፈረንጆቹ ይደናገራሉ። "ጌሻ አላችሁ?" ብለው ይጽፋሉ። ልጁ "አለን" ብሎ ሊመልስ ጣቱን ሲያነሳ ደርሼበታለሁ። ለአንድ ሽያጭ ያዋጣ ይሆናል። የጌሻ ዝርያ ግን ዛሬ በዘረመል ምርመራ ይለያል፤ ቀማሹም ምላሱ ላይ ያውቀዋል። ደግሞም በእውነተኛው የጌሻ ጫካ አጠገብ፣ በቀድሞው ቤንች ማጂ በኩል፣ ጌሻ ቪሌጅ የሚባል እርሻ ራሔል ሳሙኤልና አዳም ኦቨርተን ከተከሉ ቆይተዋል፤ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳቸውን የኢንተርኔት ጨረታ ያወጣሉ። ከእነሱ ጋር በስማቸው ልንወዳደር? በራሳችን ስም ነው እንጂ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን አሜሪካ በንግድ ምልክትነት ልታስመዘግብ ስትነሣ ከስታርባክስ ጋር ውዝግብ ውስጥ ገባች። ኦክስፋም የተባለው የረድኤት ድርጅት በዓለም ዙሪያ ሰው አስነሥቶ በኢሜይልና በፋክስ ኩባንያውን አጥለቀለቀው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ተስማሙ። ያ የመጀመሪያው ትልቁ የኢትዮጵያ ቡና የኢንተርኔት ሥራ ነው ብል አላጋነንኩም፤ የሠራውም ሦስቱ ስሞች ቀድሞ በገዢው አፍ ስለነበሩ ነው። ከሦስቱ አንዱም ከእኛ ወገን አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የሚባለው የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ሲመጣ ንጉሤ ገመዳ የሚባል የሲዳማ ገበሬ ቡና በኢንተርኔት ጨረታ በፓውንድ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ሲሸጥ፣ ዜናውን ያየው የእህቴ ልጅ "ጨረታ እንግባ" አለኝ። ንጉሤ የሠራው ጨረታ አይደለም። ቀይ ፍሬ ብቻ ለቅሞ፣ አልጋ ላይ በጥንቃቄ አድርቆ፣ ለብቻው አስቀምጦ ነው ያቀረበው። ቻይና ላይ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 በቀጥታ የኢንተርኔት ስርጭት ከ11 ሺህ በላይ ጥቅል የኢትዮጵያ ቡና በሰከንዶች አለቀ ሲባልም እንደዚሁ ሰከንዶቹን ብቻ ነው የምናወራው። ቡናው ተቆልቶ፣ ታሽጎ፣ ቻይና መጋዘን እስኪቀመጥ ያለፉት ወራት አይወሩም።

አሁን ወደ ማሩ ልምጣ፤ እዚያ ላይ ልጁ በልጦኛል።

የሸካ ነጭ ማር የሚመጣው ከጌተም ዛፍ አበባ ነው፤ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ይቆረጣል። ከከፍተኛ ዛፍ ላይ በገመድ ወጥተው፣ በጭስ፣ በሌሊት። ገዢው በየዓመቱ ከማሻና ከጌጫ ገበሬ ሰፈፉን ከማሩ ጋር በአንድ ላይ ይገዛ ነበር፤ ለጠጅ። ለጠጅ የሚሄድ ማር ንጹሕ ይሁን ቆሻሻ ዋጋው ብዙ አይለያይም። ልጁ በቲክቶክ የቀረጸው ዛፍ ላይ የሚወጣውን ሰው ነው፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ከአዲስ አበባ ትእዛዝ መጣ። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ግን መልሰው ደወሉ፤ "ስኳር ቀላቅላችሁበታል" አሉ። ነጭ ማር ይረጋል፤ ይረጋና እንደ ቅቤ ይጠነክራል። የከተማ ሰው የረጋ ማር ሲያይ ስኳር ይመስለዋል። ልጁ ሌላ ቪዲዮ ሠራ፦ የረጋውን ማር ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ሲቀልጥ፣ ከዚያ የእርጥበት መለኪያዋን ብርጭቆ ላይ አንድ ጠብታ አድርጎ ወደ ብርሃን ሲያይ፣ መስመሩ ከ20 በታች ሲያርፍ። ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ያለው ማር ይቦካል፤ ያንን ተናገረ። ሦስተኛው ቪዲዮ ላይ ስለ ዋጋ ምንም አላወራም፤ የማን ቀፎ እንደሆነና ስንት ኪሎ እንደተገኘ ብቻ። ክፍያው በቴሌብር ይመጣል፣ ማሩ ከቴፒ በሚነሳው የአዲስ አበባ አውቶቡስ ይሄዳል። የአውቶቡሱ ረዳት በየጀሪካኑ ይከፈለዋል። ረዳቱን ያልያዘ የኦንላይን ነጋዴ ማሩ የት እንደወረደ ሳያውቅ ይቀራል። ማሸጊያው ላይም ተጨቃጨቅን፤ እሱ የሚያምር ብልቃጥ አለ፣ እኔ በመንገድ የማይሰበር አልኩ። ብልቃጡ ጂማ ሳይደርስ ተሰበረ። አሁን ወፍራም ፕላስቲክ ነው፤ ላዩ ላይ የቀበሌው ስምና የተቆረጠበት ወር ተለጥፎበታል።

ከማሩ ያየነውን ወደ ቡናው አዞርነው። ዘንድሮ ከሦስት ቀበሌ የመጣውን ቡና ለየብቻ አድርቀናል። የገማድሮ እርሻን የመሰሉ፣ ሰፊ መሬትና ማጠቢያ ያላቸው ትልልቆች ይህን ከጥንት ይሠራሉ፤ እኛ ገና ነን። ሦስቱን ለቀማሽ ሰጠን፤ ሁለቱ እኩል ሆኑ፣ አንዱ ተለየ። ያንን የለየነውን ናሙና አንድ ላኪ ወደ ጀርመን ላከልን።

ገዢው የመለሰው የመጀመሪያ ጥያቄ የዋጋ አልነበረም። የየማሳውን የጂፒኤስ ነጥብ ነው የጠየቀው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና አውሮፓ እንዳይገባ የሚል ሕግ አውጥቷል፤ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ተደጋግሞ ተራዝሟል፣ ገዢዎቹ ግን ከአሁኑ እየጠየቁ ነው። ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያውን መሳል ያስፈልጋል። የጫካ ቡና ላለው ለእኛ ለመሰለው አገር ይህ በረከትም መከራም ነው። ደኑን ጠብቀናል፤ ግን ማሳው የት ይጀምራል፣ የት ያልቃል? እዚህ ነው ኮቦ የመጣው። ሽማግሌዎቹ ወሰኑን በዛፍና በወንዝ ያውቁታል። የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ ከኋላቸው እየሄደ "እዚህ ላይ ቁሙልኝ" ይላል። አንድ ሽማግሌ "ይህ ሁሉ ሲመዘገብ ማነው የሚይዘው?" ብለው ጠየቁት። ተገቢ ጥያቄ ነው። የተመዘገበ ወሰን ነገ ለገዢ ብቻ ሳይሆን ለግብር ሰብሳቢና ለመሬት ፈላጊም ይታያል። መረጃው ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ይሁንልን ብለን ለላኪው ነግረነዋል፤ ተስማምቷል።

ናሙናውን ጀርመኑ ወዶታል። ያልተቋጨው ክፍያው ነው። እሱ ቡናው ሐምቡርግ ከደረሰ በኋላ ልክፈል ይላል፤ ላኪው ኤልሲ ካልተከፈተ አንድ ኬሻ አላንቀሳቅስም ይላል። በዚህ ነገር እኔ ከላኪው ጋር ነኝ፤ ጎሬ ላይ ገንዘብ ሳይቀበል አራግፎ የጠበቀ ሰው ምን እንደደረሰበት ከአባቴ ሰምቻለሁ። ልጁ ዛሬ ማታ ለጀርመኑ ይጽፍለታል።